የእንዶድን ጉልበት ማን አወጣው?

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወደ ጨሞጋ ወንዝ የሚወርድ ሰው፣ በአጥር ላይ የተንጠላጠለ፣ ግማሽ ሐረግ ግማሽ ቁጥቋጦ የሆነ ተክል ሳያይ አይመለስም። ፍሬው በዘለላ ይንዠረገጋል። አንዷን ፍሬ ይዞ ላያት አራት አምስት ቦታ የተከፈለች ትንሽ ኮከብ ትመስላለች። ስትሞላ አረንጓዴ ናት፤ ስትበስል ወደ ቀይ ትሄዳለች። ከብት አይደፍራትም፤ መንገደኛም ዞር ብሎ አያያትም። እንዶድ ናት። ትግሬው ሽብቲ፣ ኦሮሞው አንዶዴ ይላታል።

ኦሞ በየሱቁ ደጃፍ በገመድ ከመንጠልጠሉ በፊት፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ የሚለበሰው ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በዚህች ፍሬ ነበር። አሠራሩን የሚያውቁ እናቶች ዛሬም በጎጃም ደጋ አሉ። ፍሬው በስሎ ከመቅላቱ በፊት፣ ሞልቶ ግን ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ በደረቁም ለወራት ይቀመጣል። የአጠባው ቀን ሲደርስ ሙቀጫ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ወቃጯ አፍንጫዋንና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ የእንዶድ ብናኝ ቀልድ አያውቅም፣ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ልጆች ከአጠገቧ ይባረራሉ። ዱቄቱ በገበቴ ውሃ ይበጠበጥና ይታሻል፤ ትንሽ ቆይቶም ነጭ አረፋ ከገበቴው አፍ ላይ ይገነፍላል። ልብሱ ይዘፈዘፋል፣ በእግር ይረገጣል፣ ወንዝ ውስጥ ይለቀለቃል፣ ድንጋይ ላይ ይሰጣል።

ይህን ቅደም ተከተል አንድ የኬሚስትሪ ባለሙያ ቢያነበው የልብስ አጠባ ብቻ አይታየውም። መቼ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ምን ያህል እንደሚደቅ፣ በምን እንደሚሟሟና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ተወስኖ የተቀመጠ የቤተ ሙከራ መመሪያ ያገኝበታል። ከፍሬ ውስጥ ተፈጥሯዊ ንጥረ ነገርን አሟጦ የማውጣት ጥበብ የሚባለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ጥበቡን ለማስረዳት ከቡና የተሻለ ምሳሌ የለም። ሳይወቀጥ ጀበና ውስጥ የገባ የቡና ፍሬ ውሃውን እምብዛም አያጠቁረውም፤ ሲደቅ ውሃው የሚነካው ገጽ ይበዛል፣ ጣዕሙም ቶሎ ይለቃል። እሳቱ ሲበረታ የሚወጣው ይጨምራል፣ ከልክ ሲያልፍ ግን መራራው አብሮ ይመጣል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚባሉትም በሳይንሱ ቋንቋ ከአንድ ዱቄት ላይ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ማውጣት ናቸው፤ በረካው የሚቀጥነው አብዛኛው ነገር በአቦሉ ስለ ወጣ ነው። ከዘመናዊ ቤተ ሙከራዎች የሚለየው ቡና አፍዪዋ ልኩን በምላሷ መለካቷ ነው። እነሱ በሚሊግራም ይለኩታል።

በእንዶድ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ሳፖኒን ይባላል። ስሙ ራሱ ሳሙና ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ሳፖኒን አንድ ወገኑ ዘይት ይወዳል፤ ሌላው ወገኑ ከስኳር የተሠራ ስለሆነ ውሃ ይወዳል። ስለዚህ ቅባታማውን ቆሻሻ በአንድ እጁ፣ ውሃውን በሌላ እጁ ይዞ ሁለቱን ያገናኛል። አረፋውም የሚመጣው ከዚህ ጠባዩ ነው። ሕይወት ያለው ሴል ሽፋንም ቅባታማ ነውና ሳፖኒን እሱንም ይበሳል። ልብስ የሚያነጣው ኃይልና ትናንሽ የውሃ እንስሳትን የሚገድለው ኃይል ሥራቸው አንድ ነው።

ይህ ሁለተኛው ኃይል ለዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ነበር። በጂግጂጋ የተወለዱት፣ አሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የመጡት ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን የወንዝ ቀንድ አውጣዎች እያጠኑ ነበር። ወንዙን ሲከተሉ አንድ እንግዳ ነገር ታያቸው። ከላይ በኩል ቀንድ አውጣው በሕይወት አለ፤ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ግን ሞቶ ተንሳፍፏል። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። ከአጣቢዎቹ አንዷን ለምነው አረፋውን ሕይወት ያላቸው ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ አስጨመሩ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። የኢትዮጵያ ሳይንስ ካሉት ታላላቅ ግኝቶች አንዱ የተጀመረው በአንዲት ስሟ ባልተጻፈ አጣቢ ገበቴ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የቢልሃርዝያ ትል ዕጭ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይዋኛል፤ የሚዋኝ ሕፃን ወይም መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል። በሽታው አንጀትንና ጉበትን፣ በሌላኛው ዓይነቱ ደግሞ የሽንት ፊኛን ይጎዳል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በጊዜው ለዚህ የሚውለው ኒክሎሳሚድ የተባለው፣ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ የሚሸጠው ኬሚካል ነበር፤ ለድሃ አገር ደግሞ ውድ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ዛሬም የዘርፉ ጥያቄ ነው፦ ከአንድ ኪሎ ፍሬ ብዙውንና ኃይለኛውን እንዴት እናውጣ?

በውሃ ብቻ የወጣው የእንዶድ ጭማቂ ቀንድ አውጣን በ24 ሰዓት ውስጥ ለመግደል በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ገደማ ዱቄት ይበቃዋል። ቁጥሩ ለዓይን ስለማይታይ በበርሜል እናስላው። 200 ሊትር የሚይዙ አምስት በርሜሎች ውሃ ሞልተው ቢደረደሩ፣ ለአምስቱም የሚያስፈልገው 20 ግራም አካባቢ ነው፤ እፍኝ አይሞላም። ዶክተር አክሊሉና ከአሜሪካው ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ጋር የሠሩት ባልደረቦቻቸው ግን ከዚህም አልፈው መሄድ ፈለጉ። በ1972 ባወጡት ጥናት የደቀቀውን ፍሬ በውሃ ካዘጋጁ በኋላ ቡታኖል በተባለ የአልኮል ዓይነት ሲያወጡት ጉልበቱ በብዙ እጥፍ ጨመረ። ብዙም ሳይቆይ የስታንፎርዱ ሮበርት ፓርክኸርስትና ጓደኞቹ ገዳዩን ንጥረ ነገር ነጥለው አወጡ፤ ስሙንም ለማቶክሲን አሉት። የዶክተር አክሊሉ አባት ስም በኬሚስትሪ መዝገብ ውስጥ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ እናቶቹ ሙቀጫ እንመለስ፤ ከነገሩ ሁሉ የሚያስደንቀው እዚያ ነውና።

በ1980ዎቹ በስዊዘርላንድ ሎዛን በኩርት ሆስቴትማን የሚመራ ቡድን እንዶድን በሁለት መንገድ አወጣ። አንዱን በውሃ፣ ሌላውን ሜታኖል በተባለ፣ ቤተ ሙከራዎች ለዕፅዋት ምርምር ዘወትር በሚጠቀሙበት አልኮል። ሜታኖል የተሻለ ያወጣል ተብሎ ይጠበቃል። ከሜታኖሉ ሳፖኒን እንደ ጉድ ወጣ፤ ግን ቀንድ አውጣ አይገድልም። በውሃ የወጣው ይገድላል። አንድ ፍሬ ነው፣ ያው ሳፖኒን ነው፣ ታዲያ ለምን?

ምስጢሩ ፍሬው ሳይነካ ባለበት ጊዜ ሳፖኒኑ በሁለት ወገኑ ስኳር ተሸክሞ መቀመጡ ነው። በዚህ መልኩ ጉልበት የለውም፤ እንደ ታሰረ ውሻ ነው። ፍሬው ሲደቅና ውሃ ሲነካው ግን እዚያው ፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ከእንቅልፉ ነቅቶ አንደኛውን የስኳር ወገን ቆርጦ ይጥለዋል። ያኔ ለማቶክሲንና ዘመዶቹ ይፈታሉ። ሜታኖል ኢንዛይሙን ከሥራ ስለሚያስወጣው ውሻው እንደ ታሰረ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ቡታኖሉም የሠራው ከውሃው በኋላ የመጣ ስለሆነ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ከማዕድ ቤት መውጣት አያስፈልግም። የሰናፍጭ ፍሬ ሳይፈጭ ቢታኘክ እስኪደቅ ድረስ እምብዛም አያቃጥልም። ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ ሲለወስና ጥቂት ሲቆይ ነው አፍንጫ የሚሰነጥቀው። በፈላ ውሃ የለወሰ ግን ለዛ የሌለው ሰናፍጭ ይበላል። ነጭ ሽንኩርትም ሽታው የሚወጣው ሲደቅ ነው። በሁሉም ዘንድ ያለው ነገር አንድ ነው፦ ጉልበቱ ፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ አልተቀመጠም፣ ሲወቀጥና ውሃ ሲያገኝ ይወለዳል። እንዶድን ሳይወቅጡ አስቀድሞ መቀቀል ኢንዛይሙን መግደል ነው። መውቀጥ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ትንሽ መታገሥ፤ እናቶች ሲያደርጉ የኖሩት ይህንኑ ነው።

አረንጓዴ ሳለ መልቀሙም እንዲሁ የልማድ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ተመራማሪዎች ፍሬውን በየዕድሜው ለይተው ሲፈትኑት ከፍተኛውን ጉልበት ያገኙት ሞልቶ ገና ባልቀላው ላይ ነው። የተክሉ ዝርያም ልዩነት ያመጣል። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እየተከሉ፣ ምርታቸውንና ጉልበታቸውን እያወዳደሩ ለዓመታት ደከሙ። ከመካከላቸው ልቆ የወጣው በቁጥሩ እንዶድ 44 ተባለ። ማውጫ መንገዱ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ፍሬው ደካማ ከሆነ የሚወጣ ነገር የለም፤ ይህን ደግሞ ማንኛውም ገበሬ ያውቀዋል።

በዓድዋ ራሷ የመስክ ሙከራ ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል ተካሄደ። በአካባቢው የተለቀመ ፍሬ እየደቀቀ በከተማዋ ጅረቶች ውስጥ ተጨመረ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው የቢልሃርዝያ ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከጠቅላላው ነዋሪ 63 በመቶ ይዞ የነበረውም ወደ ሲሶ ገደማ ቀነሰ። ትንንሾቹ ላይ ለውጡ የበረታበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ እነሱ የተወለዱትና ውሃ የነኩት ወንዙ ከታከመ በኋላ ነው።

ይህን የሚያህል ውጤት ይዞ እንዶድ ለምን በየወንዙ አልደረሰም? አንዱ ምክንያት ፍሬው ራሱ ነው። የቀንድ አውጣን እንቁላል አይገድልም፤ ስለዚህ ተመልሶ መጨመር ያስፈልጋል። ዓሣንም ይገድላል። በአንጻሩ ውሃ ውስጥ በአንድ ሁለት ቀን ፈርሶ ይጠፋል፤ ለአካባቢ መልካም የሆነው ጠባዩ ለዘመቻ ድካም ይሆናል። ሌላው ምክንያት ግን ከሳይንሱ ውጭ ነው። ዶክተር አክሊሉ በሕይወታቸው ደጋግመው ያነሱት ቅሬታ፣ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት ምዕራባውያን ቤተ ሙከራ ውስጥ እስኪደገም ድረስ እንዳልተሠራ መቆጠሩን ነበር። የመርዛማነት ምርመራው በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲሠራ ገንዘብ ሲፈለግ ዓመታት አለፉ። በ1983 በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በምባባኔ ስለ እንዶድ ብቻ የመከሩ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ተካሄዱ። በዚህ መሐል ፕራዚኳንተል የተባለው ክኒን መጣና ትኩረቱ ከወንዙ ወደ በሽተኛው ዞረ። ክኒኑ በሽተኛውን ያድናል፤ የዳነው ልጅ ግን በማግስቱ ወደዚያው ወንዝ ይገባል።

በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በዘር ባንክ ሥራቸው የሚታወቁት ዶክተር መላኩ ወረደም ተሸልመዋል፤ በአንድ ዓመት ሦስት ኢትዮጵያውያን። በጋዜጦቻችን ከሚገባው በታች የተወራለት ዓመት ነው።

ከሽልማቱ ማግስት የሆነው ደግሞ ለማውጣት ጥበብ ሌላ ገጽ ከፈተ። ዜብራ መስል የሚባል ባለ ሁለት ቅርፊት እንስሳ በ1988 በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ታየ፤ በጥቂት ጊዜ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ እየተጣበቀ ዘጋ። ዶክተር አክሊሉ በኦሃዮ ወደሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለክብር ዲግሪ በሄዱ ጊዜ ይህን ሰሙና እንዶድን ለምን አትሞክሩትም አሉ። ተሞከረ፤ ሠራ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው የፈጠራ ባለቤትነት መብት በስሙ አስመዘገበ። ዶክተር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተጽፈዋል፤ የዓድዋዋ አጣቢ ግን የለችበትም። የዕፅዋት ሀብት ዝርፊያን የሚቃወሙ ወገኖች የእንዶድን ታሪክ እስከ ዛሬ በምሳሌነት የሚያነሱት ለዚህ ነው። ተቃውሟቸው ትክክል ነው፤ ዕውቀት በአፍ ሲተላለፍ ነፃ፣ በወረቀት ሲጻፍ ንብረት የሚሆንበት ሕግ ሚዛኑ የተዛባ ነው።

ለጎጃም ነገሩ ሩቅ አይደለም። እንዶድ በአብዛኛው ከ1,600 ሜትር በላይ ያለውን ደጋና ወይና ደጋ ይወዳል፤ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ደብረ ማርቆስ ምቹ አገሩ ናት። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ደግሞ ብርዱን አይችልም፤ እሱ ያለው ዝቅ ብሎ፣ በጣና ዳርቻና በየመስኖው ቦይ ነው። ፍሬው ከላይ፣ በሽታው ከታች። በመካከላቸው ያለው የአንድ ቀን የመኪና መንገድ እንኳ አይሞላም።

የጣና ዓሣ አጥማጆችም የራሳቸው የማውጣት ዕውቀት አላቸው፤ እሱ ግን የሚወደስ አይደለም። በአገራችን ብቻ የሚበቅለው የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲነሰነስ ውስጡ ያለው ሮቴኖን ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል፤ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ወደ ጣና በሚገቡ ወንዞች፣ ዓሦች ለመራባት በሚወጡበት ወቅት ይህ ሲደረግ ትልቁ ከትንሹ ጋር ያልቃል። መውቀጫውና ውሃው ያው ነው፤ ሥራው ግን ዘር ማጥፋት ነው።

ሳፖኒን ጥራቱን ጠብቆ ሲወጣ የት ሊደርስ እንደሚችል ለማየት ወደ ቺሊ መሻገር ይበቃል። ኪላያ ከተባለ የቺሊ ዛፍ፣ ከፍሬው ሳይሆን ከቅርፊቱ፣ የሚወጣ ሳፖኒን ዛሬ የክትባቶችን ጉልበት ለማበርታት ይውላል፤ ለአፍሪካ ሕፃናት የሚሰጡት የወባ ክትባቶችም በውስጣቸው ይዘውታል። የቺሊ ነባር ሕዝቦችም ያንን ቅርፊት የሚያውቁት ልብስና ፀጉር በማጠቢያነት ነበር።

የዛሬ ተመራማሪ እንዶድን ቢያነሳ የሚጠይቀው ቀደምቶቹ ከጠየቁት ብዙ አይለይም፤ አጠያየቁ ነው የሚለየው። ድሮ አንዱን ነገር ለብቻው እየለወጡ ይሞክሩ ነበር፦ መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ከዚያ ሙቀቱን፣ ከዚያ የውሃውን መጠን። አሁን ሁሉንም በአንድ ላይ እየቀያየሩ ሒሳቡን ለኮምፒዩተር ይሰጣሉ፤ አንዱ ሌላውን ይለውጠዋልና። ለምሳሌ ዱቄቱ ሲልም ቶሎ ይለቃል፤ ከመጠን ሲልም ግን ከአረፋው ጋር ተቀላቅሎ ጭቃ ይሆንና ለማጥለል ያስቸግራል። ውሃው ሲበዛ ብዙ ይወጣል፤ ግን ያን ሁሉ ውሃ ለማትነን እሳት ያስፈልጋል፤ እሳት ደግሞ ማገዶ ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ማገዶ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ምርጡ መንገድ ማለት ብዙ የሚያወጣው ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። እንዶድ የሚጠጣ መድኃኒት አይደለም። ለሆድ ትል፣ ለእብድ ውሻ ንክሻ፣ ከሁሉ በከፋ ሁኔታ ደግሞ ፅንስ ለማስወረድ ሲጠጣ ሰው ገድሏል፤ የቀንድ አውጣን ሴል የሚበሳው የሰውንም አይምርም። የሚወቅጥ ሰው አፍንጫውን ይሸፍን፣ ዓይኑን ይጠብቅ፤ የታጠበበት ውሃ ዓሣ ባለበት ኩሬ ውስጥ አይደፋ።

በአጥሩ ላይ ሊተክል የፈለገም አንባቢ ይህን ይወቅ፦ እንዶድ ወንድና ሴት አለው። ወንዱ ሲያብብ ያምራል እንጂ አንዲት ፍሬ አይሰጥም። ከዘር የበቀለው ምን እንደሚሆን እስኪያብብ ድረስ አይታወቅም። ስለዚህ ፍሬ ስታፈራ ካያት ተክል ላይ ቅርንጫፍ ቆርጦ ይትከል።